28 ቦታ፦ አዲሱ የኮሌጅ እግር ኳስ ደንብ ለልጆቻችን በር ከፈተ ወይስ ዘጋ?

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከልምምድ ተመልሶ፣ ታኬታውን እንኳ ሳያወልቅ ወጥ ቤት ድረስ መጣና ስልኩን ሰጠኝ። «አባዬ አንብበው» አለኝ። ለአንድ ዓመት ያህል ሲጻጻፈው ከነበረ የኮሌጅ ኮች የመጣ መልእክት ነው። «ጨዋታህን እንወደዋለን፤ ግን ስብስባችን 28 ላይ ስለተገደበ ለአማካይ ቦታ የለንም» ይላል። ልጁ አላለቀሰም። ማሰሪያውን ፈታ፣ ታኬታውን በሩ ሥር አስቀመጠ፣ ወደ ክፍሉ ገባ። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ጁን 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን የኮሌጅ ስፖርተኞች ባቀረቡት «ሃውስ» በሚባለው ክስ ከኤን ሲ ደብል ኤ፣ ማለትም የአሜሪካን ኮሌጅ ስፖርት ከሚመራው ማኅበር ጋር የተደረሰውን ስምምነት አጸደቁ። ከዚያ በፊት በዲቪዥን አንድ፣ በከፍተኛው እርከን፣ የወንዶች እግር ኳስ ቡድን መስጠት የሚችለው ለተጫዋቾቹ የሚከፋፈል የ9.9 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ነበር። የሴቶቹ 14። ስንት ተጫዋች ይያዝ የሚል ገደብ ግን አልነበረም። አሁን ነገሩ ተገለበጠ። ስምምነቱን በተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነሥቷል። በምትኩ ወንዶችም ሴቶችም ከ28 ተጫዋች በላይ መያዝ አይችሉም። ኮሌጁ ከፈለገ ለ28ቱም ሙሉ መክፈል ይችላል።

ይኼ ለእኛ ልጆች ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? የምታውቁትን ንገሩኝ።

እናት፣ አሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ ልጁን አይዞህ በልልኝ። እኔ ግን ደንቡን እደግፋለሁ።

ትልቋ ልጄ በድሮው ደንብ ነው የገባችው። ስኮላርሺፕ አገኘች ብለን ዘመድ ጠርተን ደገስን። ወረቀቱ ሲመጣ የሚሸፍነው ሩቡን ነው። የቀረውን እኔ በሌሊት ሺፍት፣ አባቷ በኡበር ሞላነው። እስቲ 9.9ን ለ28 ልጅ አካፍሉት፤ ለአንዱ የሚደርሰው ከሲሶ ፈቀቅ አይልም። አሁን ቢያንስ ሙሉ መስጠት ክልክል መሆኑ ቀርቷል።

ሌላም አለ። 35 እና 36 ልጅ ሰብስቦ ግማሹን ለአራት ዓመት የሚያስቀምጥ ቡድን በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ትለማመዳለች። ከሜዳ ውጪ ለሚደረግ ጨዋታ አውቶቡሱ ሲነሣ ግን ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለም። በ17 ዓመቷ ቁርጧን ብታውቅ አይሻልም?

የወጣቶች አሰልጣኝ፣ አትላንታ

እህቴ፣ ስለ ቁርጥ ማወቅ ያልሽው ልክ ነው። ስለ ገንዘቡ ግን አልስማማም። «ይፈቀዳል» እና «ይከፈላል» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ሒሳቡን እንሥራው። ከ9.9 ተነሥቶ 28 ለመድረስ 18 ያህል ተጨማሪ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያስፈልጋል። በዓመት 60 ሺህ ዶላር በሚያስከፍል ኮሌጅ ይኼ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ለአንድ ቡድን፣ በየዓመቱ። በዚሁ ስምምነት ኮሌጆች ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲከፍሉም ተፈቅዷል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። አዲስ የሚጨመር ስኮላርሺፕ እስከ 2.5 ሚሊዮን ድረስ ከዚያው ጣሪያ ላይ ይቆጠራል። ታዲያ ገንዘቡ ቀድሞ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ አሜሪካን ፉትቦልና ወደ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ነዋ። ፉትቦል ራሱ ከ85 ስኮላርሺፕ ወደ 105 ሰው አድጓል። የእኛ እግር ኳስ ያለው ከሰልፉ ጭራ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ይኼ ስኮላርሺፕ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ቦታው ግን በርግጥ ጠቧል። 28 ሰው ብቻ የሚይዝ ኮች መሳሳት አይችልም። የ17 ዓመት ልጅ እስኪበስል ከሚጠብቅ፣ ሁለት ዓመት ኮሌጅ የተጫወተ የ21 ዓመት ልጅ ከትራንስፈር ፖርታል፣ ኮሌጅ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ከሚመዘገቡበት ዝርዝር፣ ያመጣል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋች ትምህርቱ እስከተስተካከለ ድረስ የፈለገውን ያህል ጊዜ ኮሌጅ ቢቀይር ወዲያው መጫወት ይችላል። የማውቃቸው ኮቾች ከሃይስኩል የሚወስዱትን ቁጥር ቀንሰዋል። ዕዳው የወደቀው 11ኛ ክፍል ባሉ ልጆች ላይ ነው።

እናት፣ አሌክሳንድሪያ

ኮች፣ የሴቶቹን ነገር ዘለልከው። በትምህርት ቤቶች በፆታ ማዳላትን የሚከለክለው የ1972ቱ ታይትል ናይን ሕግ አልተሻረም። የስኮላርሺፕ ገንዘብ በወንድና በሴት ስፖርተኞች ቁጥር ልክ መከፋፈል አለበት። ለፉትቦል 20 ከጨመሩ ለሴቶችም መጨመር ይኖርባቸዋል። የሴቶች እግር ኳስ ደግሞ ሰው በብዛት የሚይዝ ስፖርት ነው። ትንሿ ልጄ በዚህ ትጠቀማለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የወጣቶች አሰልጣኝ፣ አትላንታ

እውነት ብለሻል፤ ለሴቶቹ ተስፋው ይሻላል። ለወንዶቹ ግን እዚያው ላይ ይብስባቸዋል። ፉትቦሉ የወንዶቹን ድርሻ ስለሚበላው፣ ኮሌጁ ለወንዶች እግር ኳስ የሚጨምርበት ምክንያት ያንሳል።

የቀድሞ ተጫዋች፣ ዴንቨር

ታላላቆቼ፣ እኔም የራሴን ልናገር። እኔ ዎክ ኦን ነበርኩ። ያለ አንድ ሳንቲም ስኮላርሺፕ፣ በሙከራ ነው የገባሁት። ከ33 ሰው 33ኛው ነበርኩ። የመጀመሪያውን ዓመት ለአንድ ደቂቃ አልተሰለፍኩም። ልምምድ ሲያልቅ ኳሶቹን መረብ ውስጥ ሰብስቦ መኪናው ድረስ የሚሸከመው እኔ ነበርኩ። ሰውነቴ የጠነከረው ዘግይቶ ነው። ሦስተኛው ዓመት ላይ የግራ መስመር ተከላካያችን ጉልበቱን ተጎዳ። ገባሁ፤ እስክመረቅ አልወጣሁም።

እትዬ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ተታሎ አይደለም። እኔ አውቄና ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት። በዛሬው ደንብ ግን ያ ወንበር ራሱ የለም። የእኛ ልጆች ብዙዎቹ ውድ ክለብ ውስጥ አላደጉም። ዘግይተው ነው የሚታዩት። የሚያስቆጨኝ እሱ ነው።

ዳኛዋም ይኼ አሳስቧቸው ነበር። በኤፕሪል 2025 ቦታቸውን የሚያጡት ልጆች ነገር ሳይስተካከል አላጸድቅም ብለው መለሱት። በመጨረሻ በ2025–26 ቦታቸውን ያጡ ወይም የሚያጡ ልጆች ከ28ቱ ውጪ እንዲቆጠሩ ተፈቀደ፤ መልሶ መቀበሉ ግን በኮሌጁ ፈቃድ ነው። የጠያቂውን ልጅ ግን ይኼ አይነካውም።

አጎት፣ ዳላስ

ዋናውን ነገር ማንም አላነሣም። ቦታውን የያዘው የውጭ ተጫዋች ነው። ማርሻል ዩኒቨርሲቲ በ2021 ጸደይ የኤን ሲ ደብል ኤን ዋንጫ ሲያነሣ ቡድኑ በውጭ ልጆች የተሞላ ነበር። ከአውሮፓ አካዳሚ የወጣ ጎልማሳ ከ28ቱ አንዱን ሲወስድ የእኛ ልጅ የት ይግባ? እዚህ ግብር የምንከፍለው እኛ ነን።

ጡረተኛ፣ ዋሽንግተን ዲሲ

ልጄ፣ ይኼን ከእኛ ሰው መስማት ከብዶኛል። እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በተማሪ ቪዛ ነው። ያኔ «ቦታችንን ወሰደ» የሚለኝ ሰው አልጠፋም።

ጆርጂያ አቬኑ ላይ ስታልፉ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ታያላችሁ። በ1971 በትሪኒዳዱ ሊንከን ፊሊፕስ አሰልጣኝነት የኤን ሲ ደብል ኤን ዋንጫ ወሰደ። ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ልጆች ነበሩ። ኋላ ተጫዋቾቹ የመሰለፍ መብት የላቸውም ተባለና ዋንጫው ተነጠቀ። በ1974 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ተመልሰው መጡ። በፍጻሜው ሴንት ሉዊስን 2 ለ 1 ያሸነፉት አራተኛው ጭማሪ ሰዓት ላይ ነው። ያን የምናወራው በኩራት ነው። ዛሬ ከጋና ወይም ከኖርዌይ የመጣ ልጅ ላይ ጣት ስንቀስር ራሳችንንም እንነካለን። የጠበበው ደንቡ ነው፤ የመጣው ልጅ ምን አደረገ?

አጎት፣ ዳላስ

ጋሼ፣ ተግሣጽዎን ተቀብያለሁ። ግን የወንድሜን ልጅ ሳየው አንጀቴ ስለማይችል ነው።

የወጣቶች አሰልጣኝ፣ አትላንታ

ወደ ልጁ እንመለስ። ስምምነቱን ያልተቀበሉ ኮሌጆች አሉ፤ እነሱ ጋ የድሮው 9.9 እንዳለ ነው፣ 28 የሚባል ገደብ ግን አይመለከታቸውም። እንደ ሃርቫርድና ዬል ያሉት ስምንቱ የአይቪ ሊግ ኮሌጆች ከነዚህ ናቸው። የስፖርት ስኮላርሺፕ ድሮም የላቸውም፤ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ግን ብዙ ይረዳሉ። ዲቪዥን ሦስት ውስጥ ደግሞ ከ400 በላይ ኮሌጆች አሉ። ለኳስ ብለው አይከፍሉም፤ ለጥሩ ውጤትና እንደ ቤተሰብ ገቢ ግን ይከፍላሉ። ወላጆች ዲቪዥን አንድ ካልሆነ ሲሉ ይኼን ሁሉ ይዘልሉታል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ደግሞ ኮች «እንፈልግሃለን» ሲል ደስ ብሎን ዝም አንበል። ኮሌጁ ስምምነቱን ተቀብሏል? ከ28ቱ ስንቱ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳሉ? በእሱ ቦታ ስንት ሰው አለ፣ ከፖርታልስ ስንት ሊያመጡ አስበዋል? ልጁ ራሱ ይጠይቅ። የቃል ተስፋ ኮሌጁን አያስረውም። በፊት ተጫዋቹ ወደ ኮሌጁ ለመግባት የሚፈርመው ሌተር ኦፍ ኢንቴንት በኦክቶበር 2024 ቀርቷል፤ አሁን የሚያዘው የተፈረመ የስኮላርሺፕ ውል ነው። ወረቀቱ እጃችሁ ሳይገባ ለሌሎቹ ኮቾች መጻፍ እንዳታቆሙ።

እናት፣ አሌክሳንድሪያ

ለዲቪዥን ሦስቱ እኔም ምስክር ነኝ። የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የሚጫወተው፤ የሚከፍሉት የእኔዋ ዲቪዥን አንድ ገብታ ከከፈልነው ያንሳል። ደንቡን ግን አሁንም እደግፋለሁ። ለሦስት ዓመት ሰው ሳያያት የተለማመደችውን ልጄን አልረሳትም።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ያንቺን ሐሳብ ዛሬ በደንብ ገባኝ፤ ልቤ ግን ዴንቨር ካለው ልጅ ጋር ነው። የእኔም ልጅ ዘግይቶ ነው የሚያድገው። አባቱም እንደዚያው ነበርኩ።

ይኼን ሁሉ ሳነብለት እግሩን ሶፋው ላይ ዘርግቶ ያዳምጥ ነበር። መጨረሻ ላይ «ሠላሳ ሦስተኛው ሰው ያለውን እንደገና አንብብልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። አሁን ላፕቶፑን ከፍቶ የዲቪዥን ሦስት ኮሌጆችን እየፈለገ ነው። ኮች፣ በውስጥ መስመር ስልክህን ላክልኝ። እሱ ራሱ ሊያናግርህ ይፈልጋል።