ካርሄንጅን ለማየት መንገድ መቀየር ያዋጣል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሐምሌ ከቤተሰቤ ጋር ከዴንቨር ተነስተን ደቡብ ዳኮታ፣ ራሽሞር ተራራ ድረስ በመኪና እንሄዳለን። የ9 ዓመቱ ልጄ ስለ እንግሊዙ ስቶንሄንጅ፣ በክብ ስለቆሙት ግዙፍ የጥንት ድንጋዮች፣ ካነበበ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። እንግሊዝ ልወስደው አሁን አቅሙ የለኝም። ነብራስካ ውስጥ፣ አሊያንስ ከተማ አጠገብ፣ በአሮጌ መኪኖች የተሠራ አምሳያው እንዳለ ሰማሁ። ስሙም ካርሄንጅ ነው። ለሱ ብለን ብንዞር ይቆጨን ይሆን? መግቢያውስ ስንት ነው? ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ብዙ መራመድ አትችልም።

መልስ 1፦
መግቢያው በነጻ ነው፣ ሂዱ። ከአሊያንስ በስተሰሜን በ87 ቁጥር መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ማቆሚያው እዚያው አጠገቡ ስለሆነ ባለቤትህ አትቸገርም። ግን ዙሪያው ገላጣ ሜዳ ነው። ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ብረቱም ይግላል። ውሃና ባርኔጣ ያዙ፤ ነዳጅም ከተማው ውስጥ ሙሉ። ከዴንቨር ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከወጣችሁ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ትደርሳላችሁ።

መልስ 2፦
እኔ በመጀመሪያ የሄድኩት ፎቶ ለመነሳት ብቻ ነበር። ታሪኩን እዚያ ስሰማ ግን ሆዴ ባባ። ጂም ራይንደርስ የሚባል ሰው ለሟች አባቱ መታሰቢያ ያሠራው ነው። በ1987 (በፈረንጆቹ) ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ አባትየው ይኖርበት በነበረው እርሻ ላይ አቆሙት። መኪኖቹ 39 ናቸው። አንዳንዶቹ በኋላቸው ጉድጓድ ውስጥ ተተክለዋል። በላያቸው ላይ ሌሎች መኪኖች ተጋድመው ተበይደዋል። ሁሉም ግራጫ ተቀብተዋል። ከሩቅ ስታየው ድንጋይ ነው። ጠጋ ስትል የበር እጀታው ብቅ ይላል። ለልጅህ ይህን የአባትና የልጅ ነገር ሳትነግረው እንዳትመለስ፤ ለኔ ከመኪኖቹ በላይ እሱ ይበልጣል።

መልስ 3፦
ከዴንቨር ለሱ ብቻ ሂድ አልልህም። ራሽሞር የምትሄድ ከሆነ ግን ከመንገድህ ብዙም አያወጣህም፤ ምናልባት አንድ ሰዓት ቢጨምር ነው። እንግሊዝ ያለው ዘንድ ተራ ጎብኚ ወደ ድንጋዮቹ መሀል አይገባም፣ ከርቀት ነው የሚያየው። እዚህ ግን ልጅህ ክቡ መሀል ገብቶ መቆም ይችላል። የስቶንሄንጅን ንድፍ አትምለትና በእጁ ይዞ ያመሳክር። ከክቡ ውጭ ለብቻዋ የቆመችው የ1962 ካዲላክ ናት፤ እንግሊዝ ውስጥ ሂል ስቶን የሚባለውን ድንጋይ የምትወክለው እሷ ናት። መኪኖቹ ላይ መውጣት ግን አይቻልም፣ አስቀድመህ ንገረው። እንደ አካሄዳችሁ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃችኋል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ንጋት 12 ሰዓት እንወጣለን። ንድፉን ዛሬ አትሜ ሰጠሁት፤ ካዲላኳ የምትቆምበትን ቦታ በቀይ እርሳስ ከቦ መኝታው አጠገብ ለጥፎታል።