አስቸኳይ፦ የዋንዛው ገበታ ዛሬ ጠዋት ተሰነጠቀብኝ

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ለሠርግ የታዘዘ፣ ከአንድ ግንድ የፈለፈልሁት ገበታ ዛሬ ጠዋት ከዳር ወደ መሀል ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ አገኘሁት፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ስንጥቁ እየሰፋ ነው። ዋንዛውን ነፋስ ጥሎት ሐረጎ ላይ በጫካው ዳር 3 ዓመት ስለተኛ እንጨቱ ደረቅ ነው። ባለቤቶቹ ቅዳሜ ይወስዱታል። ምን ላድርግ?

የሰኞ ገበያ አናጢ፦ ሰጋቱራ በኮላ ለውሰው ስንጥቁ ውስጥ ይጠቅጥቁት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት።

ሕግ ይከበር፦ ከሁሉ በፊት ግንዱን በማን ፈቃድ አነሡት? የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ወጥቶ እያለ የወደቀ ዛፍ ባለቤት የለውም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ዋንዛ ደግሞ አገር በቀል ዛፋችን ነው።

ጠያቂ፦ የወደቀው በአጎቴ ማሳ ውስጥ ነው፤ ቀበሌውም ያውቃል። እባካችሁ ስለ ስንጥቁ ንገሩኝ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ለሁለት ከተከፈለ አንዱን ለሙሽራው ወገን፣ ሌላውን ለሙሽሪት ወገን መስጠት ነው። ለመሆኑ ሌሊቱን የት አሳደሩት?

ጠያቂ፦ ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ ቀን ፀሐይ ላይ አዋልሁት፤ ማታ ከከሰል ምድጃው አጠገብ አስቀመጥሁት።

ጡረተኛው ጠራቢ፦ ልጄ፣ ይኸው ተገኘ። ቅርፊቱን እንደለበሰ መሬት ላይ የተኛ ግንድ 3 ዓመት ቢቆይም ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። አንተም ከሐረጎ ብርድና ጉም አውርደህ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት አመጣኸው፤ ያ አልበቃ ብሎ እሳት ጨመርህበት። እንጨት እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል፤ በዓመት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ላዩ ቀድሞ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሲቀር መሰንጠቁ አይቀርም። አሁኑኑ ከእሳቱ አርቀው፤ የእንጨቱ ጭረት ተቆርጦ የሚታይባቸውን ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሰም ለብጣቸው፤ ከዚያ ደረቅ ፍቅፋቂ በሞላበት ጆንያ ውስጥ ከትተህ ነፋስ በማይመታው ጥላ አስቀምጠው። በየሦስት ቀኑ በሚዛን መዝነው፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። የግንዱ ልብ በገበታው ውስጥ ከቀረ ግን ይህ ሁሉ ላያድነው ይችላል።

የኮምቦልቻ ሰው፦ ሰጋቱራ በኮላ ቢሞሉት ይበቃል።

ጡረተኛው ጠራቢ፦ እየተኮማተረ ያለ እንጨት ከተሞላ አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ያወጣል። መሙላቱ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ከጀርባው በኩል በቢራቢሮ ቅርጽ የተጠረበ ደረቅ ወይራ ስንጥቁን አቋርጦ ቢቀበር ከኮላው የበለጠ ይይዘዋል። ለቅዳሜ አይደርስም፤ ለባለ ሠርጎቹ ዛሬውኑ ንገራቸው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ ጋሼ፣ ዘይት ቢቀባስ?

ጡረተኛው ጠራቢ፦ ዘይት ያሳምረዋል እንጂ ስንጥቁን አያቆምም።

የሰኞ ገበያ አናጢ፦ ጠያቂው፣ ቅዳሜ አለፈ። እኔም እርጥብ የወይራ ግንድ ስላለኝ፣ ክብደቱ በስንት ቀን እንደቆመልዎ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።