ፓስፖርቴን ላሳድስ ወይስ በያዝኩት ልግባበት?

ለትምህርት ውጭ አገር ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁና ያለፋችሁበት እባካችሁ ምከሩኝ።

የመግቢያ ደብዳቤው ደርሶኛል፤ የቪዛ ቀጠሮም ይዣለሁ። ችግሩ ፓስፖርቴ ነው። ትምህርት ከተጀመረ ከአራት ወር በኋላ ጊዜው ያልቃል። ብዙ አገሮች ደግሞ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ። ላሳድስ ብል አዲሱ በሌላ ቁጥር ይመጣል። ደብዳቤው ላይም፣ ማመልከቻው ላይም፣ ቀጠሮው ላይም የሰፈረው ግን የድሮው ቁጥር ነው። ሁሉም እስኪስተካከል ቀጠሮው ቢያልፍስ? ትምህርቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ እንዳልል፣ የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና) ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። የኔ ደግሞ ሊያልቅ ምንም አልቀረው።

“ሁለቱንም ፓስፖርት ይዘህ ሂድ” የሚሉኝ አሉ። እሱ ግን ቪዛው ድሮው ላይ ለተመታለት ሰው ይመስለኛል። እኔ ገና ምኑም አልተመታልኝም።

እንዲህ የገጠማችሁ፣ ከየት ጀመራችሁ? ፓስፖርቱን አሳድሳችሁ ነው ለዩኒቨርሲቲው የጻፋችሁት ወይስ መጀመሪያ ቀጠሮውን አራዘማችሁ? አዲሱን ቁጥር በቀጠሮው ዕለት እዚያው ያስተካከለላችሁስ አለ?

ስለ ሻንጣ ምክር ይቅርብኝ። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው እንደማይሄድ ሳይቀር አጥንቻለሁ። ቅደም ተከተሉን ብቻ ንገሩኝ።