ለፋሲካ ዶሮውም የከሰል ጥብሱም እንዴት ይድረስ?

ሰላም ቤቶች፣ ዘንድሮ ፋሲካ እኛ ቤት ነው፣ እሁድ ከሰዓት ወደ 15 ሰው ይመጣል። ዶሮው የኔ ስራ ነው፣ ባሌ ደግሞ የበግ ጎድን ግቢ ውስጥ በከሰል ካልጠበስኩ ብሎ ድርቅ ብሏል። ውጪው አርሮ ውስጡ ጥሬ እንዳይሆን ምን ይደረግ?

— ነበልባሉ ጠፍቶ ከሰሉ ነጭ አመድ ሲለብስ ነው ስጋ የሚጫነው፣ ሰው የሚያበላሸው እዛ ጋ በመቸኮል ነው። ከሰሉን ወደ አንድ ጎን ሰብስቡት፣ መጀመሪያ እሳቱ ላይ መልኩ እስኪቀየር፣ ከዛ ባዶው ጎን ላይ አድርጋችሁ ክደኑት ቀስ ብሎ ይብሰል። ጮማው ሲንጠባጠብ እሳቱ ይነሳል፣ ጮማውን ቀድማችሁ ትንሽ ቀንሱለት።

— እህቴ ሽንኩርቱን ሐሙስ ማታ ክተፊና ፍሪጅ አስገቢ፣ አርብ ስግደት ነው ማን ይከትፋል 😅 ቁሌቱን ቅዳሜ ጠዋት ያለ ዘይት ጀምሪው፣ ቅቤው በኋላ ይደርሳል። ደሞ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ሌሊት ዶሮ ቀን ጎድን ሆድ አይችልም፣ ተልባ አዘጋጂ።

— ዝናብ ቢመጣ ከሰሉን ቤት እንዳታስገቡ በናታችሁ! ጋዙ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። በረንዳ ላይ ሸራ ወጥሩ ግን ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን።

— ጠያቂዋ፦ ተባረኩ 🙏 ሸራ አለን። ጎድኑን ከማታው በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ልሸው ወይስ ጨው ብቻ ይበቃል?