እቤት የተሠራ ዳንቴል ግብር ይከፈልበት? የሰፈር ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ጀመዓ! የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ከራሳችን ሰፈር የወጣ ነው። ደሴ ውስጥ ዳንቴል፣ ጥልፍና ስፌት እየሠሩ በቴሌግራም የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋል። ብዙዎቹ ደመወዝተኞች ወይም የቤት እመቤቶች ናቸው፤ ሥራውን የጀመሩትም ስለሚወዱት ነው። ፒያሳ ሱቅ ያላቸው ወንድሞቻችን ደግሞ «ኪራይና ግብር የምንከፍለው እኛ፣ ደንበኛውን የሚወስዱት እነሱ» እያሉ ነው። እና በትርፍ ሰዓቱ የሚወደውን ሠርቶ የሚሸጥ ሰው እንደ ነጋዴ ፈቃድ አውጥቶ ግብር ይክፈል ወይስ ይተዉት? ስድብ የለም። ፖለቲካ ያነሳ ይባረራል።

ባለሱቁ፦ በማንም እንጀራ አልገባም። ግን ፍርድ ይኑር። ሱቄ ውስጥ የባህል ልብስም የስፌት ዕቃም አለ። ኪራይ አለብኝ፣ መብራት አለብኝ፣ ሠራተኛ አለኝ፣ ዓመት ሲዞር ግብር አለ። አንዷ ትገባና ሞሰቡን አገላብጣ ታያለች፤ ፎቶ ታነሳለች፤ «እመለሳለሁ» ብላ ትወጣለች። ከዚያ ያንኑ ቅርጽ እቤት የምትሰፋ ሴት ጋ ሄዳ በግማሽ ዋጋ ታሠራዋለች። ይሄ ውድድር ነው?

የሐይቅ ልጅ፦ ኧረ ባክህ! ሞሰብ እኮ ሱቅ ሳይኖርም ነበር። እናቶቻችን ሰኞ ገበያ ዘርግተው ሲሸጡ ማን ፈቃድ ጠየቃቸው? ባቲም ሰኞ ሰኞ ሂድና እይ፤ በእጇ የሠራችውን ይዛ የምትወጣ ሴት ሞልታለች። ስልኩ መንገዱን አሳጠረላቸው እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

መምህሩ፦ የሐይቅ ልጅ፣ ነገሩን አታቅልለው። የኔ ደመወዝ ግብሩ የሚቆረጠው እጄ ሳይገባ ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ነጻ የሆነው በወር እስከ 2,000 ብር ድረስ ያለው ብቻ ነው። ቀድሞ 600 ብር ነበር። ከዚያ በላይ ያለችኝ ሁሉ ትነካለች። ጎረቤቴ የኔን ደመወዝ የሚያህል በወር ሸጣ ምንም ሳትከፍል ስትቀር ቅር ይለኛል፤ አልዋሽም። ትቀጣ አልልም። ደረጃ ይኑረው ነው የምለው።

ዳንቴል ሠሪዋ፦ መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን እስቲ እኔ ልናገር፣ ሥራው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ቀን ቢሮ እውላለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ኪሮሼን ይዤ ሶፋው ጥግ ቁጭ እላለሁ። እናቴ ናት ያስተማረችኝ። እጄ ሲሠራ ጭንቅላቴ ያርፋል። አሁን ደግሞ ነጋዴ ተባልኩ፣ ማሻአላህ!

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ የጠረጴዛ ልብስ በ1,500 ብር ሸጥኩ እንበል። ክሩ 400 ብር ወሰደ። በቀን 2 ሰዓት፣ ለ3 ሳምንት ሠራሁት። 42 ሰዓት ማለት ነው። የቀረውን 1,100 ብር ለ42 ስታካፍሉት በሰዓት 26 ብር ገደማ ነው። ይሄ ነው የባለሱቁን ገበያ የነጠቀው?

ጥሩው ክር ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ክር ቤት በሄድኩ ቁጥር ዋጋው ሌላ ነው። ሲጎድለኝ ብመለስ ያው ቀለም አይገኝም። ነጩ እንኳ ይለያያል፤ አንዱ ወተት ይመስላል፣ አንዱ ወደ ቢጫ ያደላል። ሁለቱ መሃል ላይ ሲገናኙ ያስታውቃል፣ ሥራው ይፈታል። ስለዚህ ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ክር በአንዴ መግዛት አለብኝ። ገንዘቤ ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። ባለሱቁ ኪራይ ካለበት የኔም ኪራይ ይሄው ነው።

አዝዘው የሚጠፉም አሉ። «ለልጄ ሠርግ ነው፣ ቶሎ በይ» ትለኛለች፤ ስጨርስ ስልኳ አይነሳም። አሁን ቀብድ ሳይገባልኝ ኪሮሽ አላነሳም። ግማሹን በቴሌብር ትልካለች፣ ከዚያ ይጀመራል።

የሐይቅ ልጅ፦ ስፌትማ ይብሳል። እናቴ ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶ የሚባለውን የስፌት ሣር ትለቅማለች፣ ታደርቃለች። አክርማ የሚባለውን ሌላውን ሣር ቀለም ነክራ አለላ ታደርገዋለች። ስትሰፋ አጠገቧ ውሃ በሳህን አለ፤ አክርማው ካልራሰ ይሰበራል። በወስፌ ወጋ፣ ሳብ፣ ጠበቅ። አንዱ ዙር ከላላ ሞሰቡ ይንጋደዳል። ይሄን ሁሉ ለፍታ ገዢው «እትዬ፣ ሳር እኮ ነው፣ ቀንሱልኝ» ይላታል።

ባለክራሩ፦ እስቲ ብሩን ለጊዜው ተዉትና ሰውየውን እዩት። ክራር እወዳለሁ። ባቲና አምባሰል ከኛው አገር ስም የወጡ ቅኝቶች ናቸው፤ ማታ አምባሰል ስቃኝ የቀኑ ድካም ይወጣልኛል። ጓደኞቼ «ሠርግ ላይ ተጫወት፣ ይከፈልሃል» አሉኝ። ሄድኩ። ሠርገኛው የሚፈልገው ጭፈራ ነው። አምባሰል ስጀምር «ኧረ ሞቅ አድርገው!» ይመጣል። ለብሩ ስል ያንኑ ዘፈን ስደጋግም ከረምኩ። በኋላ እቤት ስገባ ክራሩን ማየት አስጠላኝ። አሁን ሠርጉን ትቼ የሰፈር ልጆች አስተምራለሁ። ገንዘቡ ያንሳል፤ እኔ ግን ማታ ማታ እንደገና እጫወታለሁ። የምትወዱትን ነገር ስትሸጡ የትኛውን ጎኑን እንደምትሸጡ አስቡበት።

ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ የቤት ኪራይ ለደረሰበት ሰው ይሄ ቅንጦት ነው። ዘይት የሚገዛው በአምባሰል ነው?

ባለክራሩ፦ እሱስ ልክ ነህ።

የሒሳብ ሰው፦ ሥራዬ ስለሆነ ልግባ። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ 500,000 ብር የማይደርስ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር፤ መዝገብ ሳይዝ ግብር ቢሮ ሽያጩን ገምቶ የቆረጠለትን ግብር ይከፍላል። በ2017 ደረጃዎቹ ተከልሰዋል፤ የአሁኑን ከግብር ቢሮ ጠይቁ። ከልምድ የምነግራችሁ ግን ሰውን የሚያስፈራው ግምቱ ነው። ግብሩንስ ይችለዋል። ማስረጃ የሌለው ሰው ላይ ገማቹ ያሻውን ቢጽፍ በምን ይከራከራል? ስለዚህ ትከፍሉም አትከፍሉም ደብተር ያዙ። ክር ስንት፣ ሽያጭ ስንት፣ ቀኑ መቼ።

መስመሩ የት ይሰመር ካላችሁኝ፣ በራሷ እጅ የሠራችውን የምትሸጥ ሴት ትተው። ሰው ቀጥራ ካሠራች ወይም ከሌላ ገዝታ ካተረፈች ነጋዴ ናት፣ ፈቃድ ታውጣ። ይሄ የኔ ሐሳብ ነው፤ ሕጉ እንዲህ ይላል አላልኩም።

ባለሱቁ፦ ሦስት ጎረቤት ሰብስባ የምታሠራዋስ? ብትጠየቅ «ቡና ሊጠጡ መጥተው ነው» ትላለች።

ዳንቴል ሠሪዋ፦ ሃሃሃ! እኔን ነው? ወላሂ ቡና ነው የሚጠጡት። አንዷ እኮ ኪሮሽ መያዝም አትችል።

መምህሩ፦ የሒሳብ ሰው፣ መስመርህ ጥሩ ነው፤ ግን ብቻዋን ሠርታ ብዙ የምትሸጥስ? ዛሬ የጥልፍ መኪና ያላት አንዷ የአሥር ሰው ሥራ ትሠራለች። እጅ መቁጠሩ አይበቃም፤ ሽያጩም ይታይ።

የሒሳብ ሰው፦ ይሄን እቀበላለሁ። መኪና ሲገባ ነገሩ ይለያል።

ባለሱቁ፦ እንግዲህ ዳንቴሏ፣ ስሌትሽን አየሁት። በሰዓት 26 ብር! እኔን የሚያከስረኝ ግብር አለመክፈልሽ ሳይሆን ይሄ ዋጋሽ ነው። አንቺ በ1,500 ስትሸጪ ደንበኛው የኔን ሲያይ ሌባ እመስለዋለሁ። ሥራሽን ሱቄ አምጪው። 3,000 ብዬ እሰቅለዋለሁ፤ ሲሸጥ ከመቶ 20 እወስዳለሁ።

ዳንቴል ሠሪዋ፦ 2,400 ይደርሰኛላ። ካልተሸጠስ?

ባለሱቁ፦ ትወስጃለሽ።

ዳንቴል ሠሪዋ፦ ቅዳሜ ሁለት ይዤ እመጣለሁ። ዕቃዬን ስትረከብ ግን ጽፈህ ትፈርምልኛለህ።

ባለሱቁ፦ እፈርማለሁ። ግን እኔስ የከፈልኩሽን በምን ላስመዝግብ? ፈቃድ የለሽ፣ ደረሰኝ የለሽ። ግብር ቢሮ «ይሄን ብር ለማን ሰጠህ?» ሲለኝ «ማታ ማታ ዳንቴል ለምትሠራ እህቴ» ልበል?

የሒሳብ ሰው፦ ደመወዝተኛ ስለሆነች ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ) አላት፤ ከእሱ ጀምሩ። የቀረውን ቅዳሜ ሱቅ መጥቼ አብረን እናየዋለን።