«የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ» ሲባል፣ ሌላኛውን ጫፍ የያዘው ማን ነው?

የሳቢያን ልጅ፦ ሰላም ድሬዎች! «የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ» ማለት ከሥራ መባረር ብቻ ነው ወይስ ሌላም ይዟል? ታናሽ ወንድሜ «ወደፊት ሥራውን ሁሉ ማሽን ሲወስደው ይሄ አነጋገር ይቀራል» ይለኛል። እኔ አልተዋጠልኝም። ጋሼ ከዚራ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ከዚራ፦ ጥሩ አነሳኸው የኔ ልጅ። ትርጉሙ ከመባረር ይሰፋል። ነጋዴ ሱቁ ቢቃጠልበት፣ ሹፌር ዓይኑን ቢታመም እንዲሁ ይባላል። መተዳደሪያ ማጣት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን «ገመድ» መባሉ ነው። ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱን አንተ ይዘሃል። ሌላውንስ?

ድሬ ላይ መልሱ ለረጅም ጊዜ ግልጽ ነበር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋም አብራው በቀለች። ጥገናው፣ መጋዘኑ፣ ንግዱ ሐዲዱን ተከትሎ መጣ። ሰውም በዚያው ይጠራል፤ «የምድር ባቡሩ እገሌ»። ጡረታ ወጥቶም ስሙ አይለቀውም። ቅሬታ ካለው አለቃውን ያውቀዋል፣ ቢሮውንም ያውቃል። ጓደኞቹን ይዞ ሄዶ ያንኳኳል። መሰማት አለመሰማቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን የአፕ ታክሲን ተመልከት። አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ሲከፍት አካውንቱ ታግዷል። ምክንያት አልተጻፈም። ደውሎ ቢጠይቅ «ሲስተሙ ነው» ተባለ። መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ነዳጅ ሞልቷል፣ ልጁ ጤነኛ ነው። ገመዱ ግን ተበጥሷል፤ ማን እንደበጠሰው የሚነግረው የለም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋምና ከአሠሪ ጋር በኅብረት የመደራደር መብት አላቸው ይላል። ከሲስተም ጋር ማን ይደራደራል? በየአምስት ዓመቱ ለምክር ቤት ድምፅ እንሰጣለን። የዕለት እንጀራችንን የሚወስነውን ግን አንመርጠውም፣ አንሽረውም። ዲሞክራሲ እዚህ ድረስ ካልመጣ ለእኔ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ ለወንድምህ እንዲህ በለው፤ ማሽኑ ቢመጣም ሰው መብላቱ አይቀርም። አነጋገሩ እንዲያውም ይብስበታል።

መጋላ፦ ጋሼ፣ ሰው በሥራው ይጠራል ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ብዙ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔርም ሥራም ይጻፍ ነበር። ፋይዳ፣ አዲሱ ዲጂታል መታወቂያ፣ ግን ሁለቱንም አይጠይቅም። ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ፎቶ፣ የጣትና የዓይን አሻራ ይበቃዋል። ብሔር መቅረቱን እኔ በበጎ አየዋለሁ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ግቢ በሚነገርባት ድሬ ሰውን በሣጥን መክተት ይከብዳል። የሥራው መቅረትም ትክክል ይመስለኛል። ቀን ባጃጅ ነድቶ፣ ማታ ኦንላይን ዕቃ የሚሸጥን ልጅ በአንድ ቃል ምን ብለን እንጻፈው? የእሱ ማንነት ከሥራው ይሰፋል። ግን እንዲህ በታትኖ የሚሠራ ሰው ማኅበር ሊያቋቁም ቢፈልግ ከማን ጋር ነው የሚሆነው? እዚህ ላይ የጋሼ ስጋት የእኔም ነው።

የሳቢያን ልጅ፦ አቦ በጣም ተመቸኝ፣ እናመሰግናለን! ለወንድሜ አስነብበዋለሁ። በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ለዚህ የሚቀርብ አነጋገር የምታውቁ ጻፉልን። እዚያም «ገመድ» ይሉት እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።