ቴራፒ ከጀመርኩ ወዲህ ባሰብኝ፣ ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ዝምተኛዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ሳነብ ብቻ ነበር የቆየሁት ዛሬ ግን ልጠይቅ። ዳንግላ ነኝ። በ2015 የ12ኛ ፈተና ልፈተን ግቢ ገብቼ እያለሁ እናቴ አረፈች፣ ስልክ አይገባም፣ ቤተሰብም ፈተናዋ ይበላሽባታል ብሎ ደበቀኝ። ስመለስ ንጋት ላይ መርዶ ነገሩኝ፣ ቀብሯ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። አላለቀስኩም፣ ለቀስተኛ ሳስተናግድ ቡና ሳፈላ ከረምኩ፣ ሰውም "ጠንካራ ልጅ" አለኝ። ከዛ ወዲህ ግን ምንም አያስደስተኝም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቼ አፍጥጬ ነው የማነጋው።

አሁን ባህር ዳር ሳይኮሎጂስት ጋ እየሄድኩ ነው። ባለ 9 ጥያቄውን የድባቴ ፎርም መጀመሪያ ስሞላው 14 ነበር፣ ከ4ኛው ቀጠሮ በኋላ 17! ያን ቀን ስለ እናቴ ነጠላ አወራሁ፣ እሷ እንዳጣጠፈችው ሳጥን ውስጥ አለ፣ ይሄው ሳምንቱን ሙሉ እንባ ነኝ። እህቴ "የጠገገ ቁስል ምን አስነካሽ" ትላለች። እውነት መንካቱ ድብርቱን ያቀላል?

የፍኖተ ልጅ፦
አይዞሽ እህት አለም፣ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልበል። ዊልያም ስታይልስ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ከነባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፈው ሀሳብ አለ፣ የሚያም ነገር ቀስ በቀስ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚዋሃድ ከ0 እስከ 7 ይለኩታል። 0 ላይ ነገሩ ጭራሽ ተገፍቷል፣ ሰውየው ደህና ይመስላል። 1 ላይ ሲነሳበት ወሬ ይቀይራል። 2 ላይ ብቅ ይላል ግን ምን እንደሆነ በቃል አይያዝም፣ ህመሙ ጣራ የሚነካው እዚች ጋ ነው። 3 ላይ ስም ያገኛል፣ 4 ላይ "ለካ ለዚህ ነው" ትያለሽ፣ የተቀረው ኑሮ ላይ መሞከር ነው። በጥናቶቹ ደህና የተሻላቸው ብዙ ጊዜ 4 የደረሱት ናቸው። እንግዲህ "ጠንካራ ልጅ" የተባልሽበት ጊዜ 0 ነበር በይው። አንዷ አንች ቡና ታፈላለች፣ ሌላዋ ጓዳ ተዘግቶባት ታለቅሳለች፣ ያችን ዝም ለማሰኘት የሚሄደው ጉልበት ነው እንዲህ የሚያደክምሽ። ቴራፒው ሁለቱን ማነጋገር ነው።

የጮቄ ንፋስ፦
ኧረ ሁሉም ቁስል ካልተነካ አይድንም አትበሉ። እኔ ያለፈውን ሳልቆፍር ነው የቀለለኝ፣ ጠዋት መነሳት፣ መውጣት፣ ሰው ማግኘት፣ በፕሮግራም እየጻፍኩ፣ ቢሄቪየራል አክቲቬሽን ይሉታል። ደሞስ ድብርቱ ሲቀል ይሆናል ሰው ነገሩን ማየት የሚችለው፣ የቱ ይቀድማል?

የፍኖተ ልጅ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ አንዱ ሌላውን ይስባል፣ መንገዱም አንድ ብቻ አይደለም። አንች ግን 17ቱን ለብቻሽ አትያዥው፣ 15 ከደረሰ ጀምሮ ጠንከር ይላል፣ ለሳይኮሎጂስቷ ንገሪያት፣ ከበዛብሽ ፍጥነቱን ትቀንሰው። 9ኛው ጥያቄ፣ ራስን ስለ መጉዳት የሚለው፣ ከ0 በላይ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት። መድኃኒት ከጀመርሽም በራስሽ እንዳታቋርጪ።

እማማ ቡሬ፦
ልጄ፣ እኛ አገር መርዶ ሰምቶ ያላለቀሰ ሰው ይፈራል። አልቃሿ የሟችን ሙያ እያነሳች ሙሾ የምታወርደው ለጌጥ መሰለሽ? እንባው አልወጣ ላለው ነው እኮ። አንችን ቡና አስፈልተው ከድንኳኑ አስቀሩሽ፣ የኔ ምስኪን። ጠበሉንም ሐኪሙንም ያዥ፣ አይጣሉም።

ዝምተኛዋ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ እማማ አስለቀሱኝ። 9ኛው 0 ነው አትስጉ። ደውዬ 17ቱን ነገርኳት፣ "ነጠላውን አሁን እንተወውና ስለዛ ንጋት ቀስ ብለን እናወራለን" አለችኝ። ትናንት ማታ ደሞ እህቴን ሳጥኑን ከፍታ ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ ለካ እሷም ከኔ እየደበቀች ለሚደውለው ሁሉ ስልክ ስትመልስ ስለነበር አላለቀሰችም። ማክሰኞ አብራኝ ትሄዳለች፣ ውጭ እጠብቅሻለሁ ብላለች።